ትዊዛ፦ የአትላስ ተራራ ገበሬዎች እርሻና የጋራ ሥራ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ከፍተኛው አትላስ ሞሮኮን ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚያቋርጥ የተራራ ሰንሰለት ነው። ቁንጮው ቱብቃል 4,167 ሜትር ይደርሳል። መልሶቹ በአብዛኛው ስለዚህ አካባቢ ገበሬዎች ናቸው፤ ሌላ ቦታ ሲነሣ ስሙን እንጠራለን። ወሮቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስቀምጠናል።

«በርበር» ነው «አማዚግ» የሚባለው?

የአካባቢው ሰዎች ራሳቸውን የሚጠሩት አማዚግ ብለው ነው፤ ሲበዙ ኢማዚገን። «በርበር» ሌላ ሰው ያወጣላቸው ስም ነው። በመጻሕፍት ስለተለመደ ይታወቃል እንጂ ብዙዎቹ አይወዱትም። ቋንቋቸው እ.ኤ.አ. ከ2011 ሕገ መንግሥት ወዲህ ከዐረብኛ ጎን የሞሮኮ ይፋዊ ቋንቋ ሆኗል። ከአማርኛ ጋርም የሩቅ ዝምድና አለው፤ ሁለቱም ከአፍሮ እስያ ቤተሰብ ናቸው። ምላስን «ኢልስ» ሲሉ ለሰማ «ልሳን» የሚለው የግዕዝ ቃል ትዝ ይለዋል።

ትዊዛ ምንድን ነው? ከደቦ ይለያል?

ትዊዛ (አንዳንዱ ቲዊዚ ይለዋል) የመንደር ሰው ያለ ደመወዝ ተሰብስቦ የሚሠራው ሥራ ነው። «ደቦ ነው» ብሎ ማለፍ ግን ግማሹን መሳት ነው፤ በአንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉና።

አንደኛው ግዴታ ነው። የመስኖ ቦይ መጥረግ፣ ጎርፍ የወሰደውን የውኃ መጥለፊያ መመለስ፣ የበቅሎ መንገድ መጠገን፣ የመስጊድ ጣሪያ መምረግ ከዚህ ይመደባሉ። ጠሪው «ጅማዓ» የሚባለው የመንደሩ ሸንጎ ነው፤ መቅረት ያስቀጣል። ሁለተኛው መረዳዳት ነው፤ አጨዳ፣ ውቂያ፣ ቤት ማቆም፣ ባሏ የሞተባትን ሴት ማሳ ማረስ። ጠሪው ባለሥራው ነው፤ የገብስ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ኩስኩስና ናዕና የገባበት ሻይ አቅርቦ ያስተናግዳል።

በእኛ ቃል ካልን፣ ሁለተኛው ከደቦ ወይም ከጅጊ ጋር ይቀራረባል፤ ሁለት ቤቶች ቀን በቀን ሲመላለሱ ደግሞ ወንፈል ይሆናል። የመጀመሪያው ግን ከሁለቱም አይደለም። ከውኃ ድርሻ ጋር የተጣበቀ ዕዳ ነው። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው ትዊዛን የደግነት ባህል ብቻ አድርጎ ይተርከዋል። ደግነቱ እውነት ነው፤ ቦዩን ከአያት ለልጅ ልጅ ያደረሰው ግን ቆጠራው ነው። በአልጄሪያ ካቢሊያ ተራሮችም ስሙም ልማዱም አለ፤ እዚያ በይበልጥ የሚታወቀው በወይራ ለቀማ ነው።

ማን ይወጣል? የቀረስ ምን ይሆናል?

የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን «ታካት» ነው። ታካት ምድጃ ማለት ነው፤ አንድ ምድጃ አንድ ቤተሰብ ነው። ጅማዓው ቀን ሲቆርጥ ከየምድጃው ለሥራ የደረሰ አንድ ወንድ ዶማ ወይም አካፋ ይዞ ይወጣል። ሦስት ጎልማሶች ያሉበት ቤትም አንድ፣ አንድ ብቻ ያለበትም አንድ። ብዙ መሬት ላለው ያደላል የሚል ቅሬታ ስለሚነሣ በብዙ ሸለቆዎች የቦይ ጠረጋ በምድጃ ሳይሆን በውኃ ድርሻ ይደለደላል። የሁለት ተራ ባለቤት የሁለት ተራ ያህል የቦይ ርዝመት ይጠርጋል። ርዝመቱ በገመድ ወይም በዘንግ ይለካና መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ድንጋይ ይቆማል።

ካዛብላንካ ወይም አውሮፓ የሄደ ሰው መሬትና ውኃ እስካለው ድረስ ነፃ አይወጣም፤ ወንድሙን ይልካል፣ ቀን ሠራተኛ ይቀጥራል ወይም ገንዘብ ያዋጣል። በሽተኛ፣ አረጋዊና ለሥራ የደረሰ ወንድ የሌላት ሴት ብዙ ጊዜ ይታለፋሉ። ያለ ምክንያት የቀረ መቀጫ ይከፍላል፤ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ጋር ይቀራረባል። ደጋግሞ የቀረ የውኃ ተራው ሊያዝበት ይችላል። ከገንዘብ መቀጫ ይልቅ የሚፈራው ይህ ነው፤ በሐምሌ ፀሐይ አንድ ተራ ያመለጠው በቆሎ አያገግምም።

እርከኑ እንዴት ይሠራል? ለምንስ ይፈርሳል?

ካቡ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ በደረቅ ድንጋይ ይካባል። መጀመሪያ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይቆፈራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሜትር ያህል ይበቃል። ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይገባል። እያንዳንዱ ድንጋይ ረጅም ጎኑ ወደ ተራራው ገብቶ አጭር ጎኑ ወደ ውጭ ይታያል። ረጅም ጎኑን ወደ ውጭ ማሳየት ካቡን ያሳምራል፣ ሥራም ያፈጥናል፤ ዕድሜውን ግን ያሳጥራል። የላይኛው ድንጋይ የታችኞቹን የሁለት ድንጋዮች መገናኛ መሸፈን አለበት። መገናኛዎች በአንድ መስመር ከወረዱ ካቡ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። ግድግዳው ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ተራራው ያጋድላል።

የካቡ ነፍስ ያለው ከማይታየው ጀርባው ላይ ነው። በካቡና በአፈሩ መካከል ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ጠጠርና ስብርባሪ ድንጋይ በእጅ ይጠቀጠቃል። ውኃ በዚህ በኩል ሰርጎ በካቡ ቀዳዳዎች ይወጣል። ጠጠሩን ለመቆጠብ አፈር የሞላበት እንደሆነ፣ አፈሩ ከመስኖ በኋላ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ካቡም መሐሉ ላይ ሆድ ያወጣል። ሆድ ያወጣ ካብ ከውጭ ድንጋይ ቢደገፍም መፍረሱ አይቀርም። እስከ እብጠቱ ግርጌ ድረስ ማፍረስ፣ ድንጋዩን በመጠን መለየትና እንደገና መካብ ነው መፍትሔው። ሌላው አፍራሽ ከላይ ያለ ቦይ በድብቅ ሲያፈስ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ገበሬ ካቡን ከመንካቱ በፊት ሽቅብ ወጥቶ ቦዩን ያያል። ፍየል በካብ አናት ላይ መሄዱም ቀላል ጥፋት አይደለም፤ አንድ የአናት ድንጋይ ከወደቀ ቀጣዩ ዝናብ ከዚያ ይጀምራል።

አፈሩ ከወንዝ ዳር በቅርጫትና በበቅሎ ተጭኖ የመጣ ሊሆን ይችላል። በላዩ በየዓመቱ ከከብት ማደሪያው የሚወጣ ፍግ ይጨመራል። ማሳው ጥቂት ሜትር ብቻ ሊሰፋ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ቁራሽ መሬት ለማቆየት ይህን ሁሉ ድካም መክፈላቸው ሁልጊዜ ያስደንቃል።

ውኃው ከየት መጥቶ እንዴት ይከፋፈላል?

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ አንባቢ አንድ ነገር መገልበጥ አለበት። በአትላስ ዝናቡና በረዶው የሚወርደው በቀዝቃዛው ወቅት ነው፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ የእኛ ክረምት በሚሆንበት ጊዜ፣ እዚያ ደረቅ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ወራት፣ በእነሱ በጋ ላይ የሚበላው ሁሉ ቀልጦ በሚወርደው በረዶና በምንጭ ላይ ያድራል።

ወንዙ «አሲፍ»፣ ቦዩ «ታርጋ» ይባላል (ከመኪናው ታርጋ ጋር አይገናኝም)። ውኃውን ወደ ቦዩ የሚመልሰው ከድንጋይ፣ ከቅርንጫፍና ከሣር ጓል የሚሠራው መጥለፊያ «ኡጉግ» ነው። ኡጉግ ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጎ ይሠራል። ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ እሱ ይሄዳል፤ ጎርፉም ወደ ቦዩ ሳይገባ በወንዙ ያልፋል። በማግሥቱ ትዊዛ ይጠራና በአንድ ቀን ይመለሳል። በሲሚንቶ የጠነከረ መጥለፊያ ግን ጎርፉን አቅፎ ወደ ቦዩ ሊያስገባው ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚጠገነው ጥቂት ሜትር ድንጋይ መሆኑ ቀርቶ በገደል ላይ የተንጠለጠለ ረጅም ቦይ ይሆናል።

ቦዩ የሚጠረገው በጸደይ፣ ተራ ከመያዙ በፊት ነው፤ በበጋም ድንገተኛ ነጎድጓዳማ ዝናብ ደለል ሲሞላው ይደገማል። ውኃ በሚበዛበት ጊዜ ማንም እንደፈለገ ያጠጣል። ከግንቦት ወይም ከሰኔ ጀምሮ ሲቀንስ ግን ተራ («ታዋላ») ይያዛል። ተራው በመሬት፣ በምድጃ ወይም በ«ኢግስ» ሊሆን ይችላል። ኢግስ አጥንት ማለት ነው፤ እኛም ዘር ስንቆጥር አጥንት እንደምንለው የአንድ አባት ወገን ነው። አንድ ኢግስ ቀኑን ይወስድና በውስጡ ለቤቶች ያከፋፍላል። ሌሊቱም ይቆጠራል። ፍትሐዊ በሆነው ድልድል የሌሊት ተራ በአንድ ቤት ላይ እንዳይከመር ቀንና ሌሊቱ ይፈራረቃል።

በማሳው ላይ ሥራው ጸጥ ያለ ነው። ገበሬው ባዶ እግሩን ዶማ ይዞ ይቆማል፤ የሣር ጓሉን ከቦዩ አፍ ያነሣል፤ ውኃው ደረቅ ገለባ ከፊቱ እየገፋ ወደ መጀመሪያው መደብ ይገባል። መደቡ በዝቅተኛ የአፈር ክትር የተከበበ ነው። ውኃው ጥግ ሲደርስ ጓሉ ይመለስና ሁለተኛው ይከፈታል። ማሳው ካልተስተካከለ ዝቅ ያለው ጥግ ይሰምጣል፣ ከፍ ያለው ይደርቃል፤ የተመደበለት ሰዓትም በከንቱ ያልቃል።

ያለ ሰዓት እንዴት ይለካሉ?

በጥላ፣ በኮከብ፣ በደቡቡ ደግሞ በ«ታናስት»። ታናስት ታቹ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው የመዳብ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ውኃ በሞላ ባልዲ ላይ ይቀመጣል፤ በቀዳዳው እየሞላ ይሰምጣል። ሲሰምጥ አንድ ተቆጠረ፤ ጠባቂው ጠጠር ይጥላል ወይም ገመድ ይቋጥራል፣ ሳህኑን ባዶ አድርጎ መልሶ ያስቀምጣል። የድርሻ መለኪያው ሰዓት ሳይሆን «ይህን ያህል ታናስት» ነው። ቀዳዳው በደለል ወይም በኖራ ከጠበበ ሳህኑ ይዘገያል፣ ባለተራው ያለ አግባብ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ንጹሕ ውኃ ይደረጋል፣ ቀዳዳውም ይጠረጋል። ዛሬ የእጅ ሰዓትና ስልክ በብዙ ቦታ ተክቶታል።

ምን ይዘራሉ? መቼ?

የተራራው እህል ገብስ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ይዘራል፤ ዝቅ ባለው ቦታ በግንቦት፣ ከፍ ባለው በሰኔና በሐምሌ ይታጨዳል። ዝቅ ባሉት እርከኖች ገብሱ እንደተነሣ በቆሎ ይከተላል፤ ከፍ ሲል ወቅቱ ስለሚያጥር አንድ ሰብል ብቻ ነው። ድንች፣ ቀይ ሥርና ለከብት የሚታጨደው አልፋልፋ በትንንሽ መደቦች ይገባሉ። የቦዩን ዳር ዋልነት (ጠንካራ ቅርፊት ያለው ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ) ይይዘዋል። በመስከረም በረጅም ዘንግ ይረገፋል፤ የአረንጓዴው ልጣጭ ጭማቂ የለቃሚውን እጅ ለሳምንታት ያጠቁረዋል።

ሞፈራቸው ከእኛ ጋር ይመሳሰላል?

ይመሳሰላል። ሁለቱም አፈርን ሳይገለብጡ የሚሰነጥቁ የእንጨት ሞፈሮች ናቸው፤ አንድ እርፍ፣ አንድ የብረት ጫፍ። ልዩነቱ በሚጠመደው እንስሳና በአሠራሩ ነው። በአትላስ የሚጠመዱት በቅሎዎች ወይም በቅሎና አህያ ናቸው፤ በብዙ ቦታ አጋዳሚው እንጨት ጫንቃቸው ላይ ሳይሆን ከሆዳቸው ሥር ይንጠለጠላል። የእኛ ገበሬ ጤፍ ለመዝራት ደጋግሞ ያርሳል፤ እነሱ ገብሱን አስቀድመው ይበትኑና አርሰው አፈር ያለብሱታል። ጠባብ እርከን ላይ ጥማዱ መዞር ስለማይችል ጥጋጥጉ በዶማ ይቆፈራል።

ውቂያውም በበቅሎ ነው። በአውድማው መሐል ምሰሶ ይተከላል፤ በቅሎዎችና አህዮች ጎን ለጎን ታስረው ይዞራሉ። ከምሰሶው አጠገብ ዘገምተኛው፣ ከዳር ፈጣኑ ይሆናል፤ ከተገላበጠ ገመዱ ይወጠርና ሰልፉ ይሰበራል። ከዚያ መንሽና ላይዳ፣ ከሰዓት በኋላም ነፋስ መጠበቅ።

አግዳል ምንድን ነው?

አግዳል ለተወሰነ ጊዜ በጋራ ስምምነት የሚዘጋ ግጦሽ ነው። የታወቀው በኡካይመደን ያለው ነው፤ 2,600 ሜትር አካባቢ የተኛ መስክ፣ የሬራያና የኡሪካ ጎሣዎች የሚጠቀሙበት። በልማዱ ከመጋቢት 6 እስከ ነሐሴ 4 (ከማርች 15 እስከ ኦገስት 10) ይዘጋል። በእነዚህ ወራት ሣሩ ያድጋል፣ ያብባል፣ ዘር ያፈሳል። የሚከፈተው ዝቅ ያለው ግጦሽ ሁሉ ሲያልቅ ስለሆነ፣ ቀሪዎቹን የበጋ ሳምንታት ያሻግራል። ሁሉም በአንድ ቀን ይገባል፤ ቀድሞ የገባ መንጋ ባለቤቱን ያስቀጣል። እረኞቹ «አዚብ» በሚባሉ የድንጋይ ጎጆዎች ይሰፍራሉ።

በአይት ቡገመዝ ሸለቆ አካባቢ ደግሞ የደን አግዳል አለ። በረዶ መሬቱን ሲሸፍን ከብት የሚበላው እንዳያጣ ቅጠል ያለው ዛፍ ይጠበቅና ጅማዓው በፈቀደው ቀን ይቆረጣል። በመንዝ ጓሳን ለዘመናት ያቆየውን የቄሮ ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም፤ መዝጋትን የሚወስነው ተጠቃሚው ራሱ ነውና።

የጋራው ጎተራ ዛሬም አለ?

አለ፤ ብዙው ግን ባዶ ነው። ከከፍተኛው አትላስ በስተደቡብ ባለው በአንቲ አትላስ «አጋዲር»፣ በከፍተኛው አትላስ «ኢግረም» ይባላል፤ የአጋዲር ከተማ ስም ከዚሁ ቃል ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቁልፍ ያለው ክፍል አለው፣ ለሁሉም ግን አንድ የውጭ በርና አንድ ጠባቂ ነው። ወደ ላይኛው ክፍል የሚወጣው ከግድግዳው ብቅ ባሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነው። ጠባቂው በእህል ይከፈለዋል። ከገብሱ ጋር የመሬት ውልና የሴቶች ጌጥም ይቀመጥ ነበር። ደንቡ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚቀመጥባቸው ጎተራዎችም ነበሩ። በአንቲ አትላሷ መንደር በአምቱዲ ገደል አናት ላይ ያሉትና በአይት ቡገመዝ ኮረብታ ላይ ያለው ክቡ ሲዲ ሙሳ እስካሁን ቆመዋል።

ሴቶች በትዊዛ የሉም?

በቦይ ጥሪ አይቆጠሩም፤ ሥራው ግን ያለ እነሱ አይቆምም። ሣር የሚያጭዱት፣ ማገዶና መኖ በጀርባቸው ተሸክመው ገደሉን የሚወጡት፣ ላሟን የሚያልቡት እነሱ ናቸው። ሱፍ ለማጠብ፣ ለመፍተልና ለመሸመን የራሳቸው ትዊዛ አላቸው። በሸንጎው ውስጥ ድምፅ ማጣታቸው ግን እውነተኛ በደል ነው። በሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የጋራ መሬት ሕግ (ቁጥር 62.17) ሴቶችና ወንዶች እኩል ተጠቃሚ መሆናቸውን ደንግጓል። ከዚህ የደረሱት ሴቶቹ ራሳቸው ለዓመታት ታግለው ነው።

አዲስ ዓመታቸው ከእኛ አቆጣጠር ጋር ይገናኛል የሚባለው እውነት ነው?

በአንድ በኩል አዎ። የገበሬው አቆጣጠር የጥንቱ ሮማዊ የዩልዮስ ቄሳር (ጁልያን) ነው፤ ከአውሮፓው 13 ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። «የናየር» የሚባለው አዲስ ዓመቱ በሞሮኮ ጃንዋሪ 14 ይውላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ብሔራዊ በዓል ነው። ይህ ቀን በአብዛኛው ዓመት የእኛ ጥር 6፣ የግዝረት በዓል ነው።

ቦዩ በሲሚንቶ ቢለበስ ችግሩ አይፈታም?

በከፊል። ውኃ በሚያሰርግ አሸዋማ ቦታ ጥቂት ሜትር ሲሚንቶ ብዙ ይጠቅማል። ሙሉ ቦዩን ማልበስ ግን ሁለት ነገር ያስከትላል። ሲሰርግ የነበረው ውኃ የቦዩን ዳር ዋልነትና ከታች ያሉትን ትንንሽ ምንጮች ይመግብ ነበር፤ ያ ይቀራል። ከዚያም የተሰነጠቀ ሲሚንቶ በሣር ጓል አይደፈንም፤ ገንዘብና ባለሙያ ይፈልጋል። ትዊዛው ሥራ ፈትቶ ሲቀር፣ ጎርፍ በመጣ ዕለት የሚጠራው ሰው አይገኝም።

ፖም የበለጠ ፈትኗቸዋል። ገብስ በሰኔ ስለሚታጨድ በደረቁ ወራት ውኃ አይጠይቅም፤ ፖም ግን በትክክል በዚያን ጊዜ ይጠማል። ዋጋው ጥሩ ስለሆነ ገበሬው መትከሉ አያስወቅሰውም፤ ለገብስና ለበቆሎ የተሠራው የተራ ድልድል ግን ለፖም ዛፎች አልበቃ ብሏል። ሸንጎው ተራውን እንደገና ካልቆጠረ በቀር ፓምፕ ያለው ከሌለው ላይ ይወስዳል።

ከ2023ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ምን ሆነ?

ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 8 ቀን 2023) ሌሊት መጠኑ 6.8 የደረሰ ርዕደ መሬት በከፍተኛው አትላስ ያለውን የአል ሐውዝ አውራጃ መታ፤ ከ2,900 በላይ ሰው ሞተ። ከባዱ የአፈር ጣሪያ ግድግዳው ሲከዳው በተኙት ላይ ወደቀ። እርከኖች ተናዱ፣ ቦዮች ተሰነጠቁ፣ ምንጮችም ፍሰታቸው ተለወጠ። በብዙ መንደሮች ማሽን ከመድረሱ በፊት በእጅና በዶማ የቆፈሩት ጎረቤቶች ነበሩ።

የመስኖ ጥገናው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ምንጩ ይታያል፤ ቦታ ከለወጠ አሮጌውን ቦይ መጠገን ድካም ነው። ከዚያ መጥለፊያው፣ ቀጥሎ ከራስጌ ወደ ግርጌ ቦዩ፣ በየክፍሉ ጥቂት ውኃ እየተለቀቀ። የእርከን ካብ መጨረሻ ላይ ነው። ቦዩ ሳይፈተሽ የታደሰ ካብ በመጀመሪያው የመስኖ ተራ መልሶ ሆድ ያወጣል፤ ያኔም ያው ድንጋይ እንደገና ይፈርሳል፣ እንደገና ይለያል፣ እንደገና ይካባል።